ብስክሌቱ ተፈተነ፤ ሰዎቹስ?

ፈረስ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታመማል፤ ብስክሌት ግን ገፈራ አይጠይቅም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የብዙ አገር መኮንኖችን ያማለለው ሐሳብ ይኸው ነበር። በአሜሪካ ጄምስ ሞስ የተባለ ወጣት ነጭ መኮንን ሐሳቡን በተግባር ለመፈተን ተነሣ። ፔዳሉን የረገጡት ግን የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ናቸው።

ጁን 14 ቀን 1897 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሃያ ወታደሮች፣ ሞስ፣ አንድ ሐኪምና አንድ ጋዜጠኛ ሞንታና ውስጥ ካለው ፎርት ሚዙላ ወደ ሴይንት ልዊስ ከተማ ጉዞ ጀመሩ። ርቀቱ 1,900 ማይል፣ ማለትም 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብስክሌቱ ማርሽ መቀየሪያ የለውም፤ ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱና ስንቁ ሲጫንበት 27 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠመንጃው ደግሞ በወታደሩ ትከሻ ላይ ነው።

ቀላል አይምሰላችሁ! የሮኪ ተራሮችን ሲያቋርጡ በረዶ ተቀበላቸው። ተራራው ሲያልቅ ደግሞ ለነፋስ መከለያ ዛፍ የሌለው ሜዳ ተዘረጋ። ዝናብ በጣለ ጊዜ ጭቃው ጎማውን አላዞር ስለሚል ወደ ባቡር ሐዲድ ወጥተው በተጋደሙት እንጨቶች ላይ እየተንገጫገጩ ይነዱ ነበር። በነብራስካ አሸዋማ ኮረብታዎች ሙቀቱ ፈጃቸው፤ የአካባቢው ውሃ ብዙዎቹን አሳመመ። ሞስ ራሱ ታሞ ወደ ኋላ ሲቀር ሐኪሙ መራቸው። ያም ሆኖ ጁላይ 24፣ በ41ኛው ቀን፣ ሴይንት ልዊስ ገቡ።

ታዲያ ምን ተገኘ? ወታደሮቹ በባቡር ተመለሱ። በ1898 ከስፔን ጋር ጦርነት ሲነሣ ሬጅመንቱ ያለ ብስክሌት ወደ ኩባ ዘመተ፤ የብስክሌቱም ነገር በዚያው ቀረ።

የጉዞውን ዘገባ የጻፉት መኮንኑና ጋዜጠኛው ናቸው። ስለ ጎማው፣ ስለ መንገዱ፣ በቀን ስለ ተነዳው ማይል ብዙ እናነባለን፤ የነጂዎቹን የራሳቸውን ቃል ስንፈልግ ግን እጃችን ባዶ ይቀራል። የተመዘነው ብስክሌቱ እንጂ ሰውየው አልነበረም።

የዚህ ዋጋ በኋላ ታየ። ከነጂዎቹ አንዱ ሳጅን ሚንጎ ሳንደርስ ነበር። በ1906 በቴክሳስ፣ ብራውንስቪል ከተማ ውስጥ ተኩስ ተነሥቶ ጥፋቱ በሬጅመንቱ ወታደሮች ላይ ተላከከ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ያለ አንዳች ፍርድ 167 ሰዎችን አባረሩ። ሩብ መቶ ዓመት ያገለገለው ሳንደርስም ጡረታው ደጃፍ ላይ ሲደርስ አብሮ ተጣለ። ሠራዊቱ ጥፋቱን አምኖ የተባረሩት በክብር እንደ ተሰናበቱ እንዲቆጠር የወሰነው በ1972 ነው። ሳንደርስ ይህን ለመስማት አልታደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ የሞንታና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰባስበው ያንኑ መንገድ በብስክሌት ተጓዙት። እኛ ይህን ከሽርሽር አንቆጥረውም። ሰነድ ዝም ባለበት ቦታ፣ ዳገቱን በራስ ጉልበት ወጥቶ ማየትም ታሪክን የማንበብ አንዱ መንገድ ነው እንላለን። እኛም ማንኛውንም ዘገባ ስናገላብጥ መጀመሪያ እንጠይቅ፦ ጻፊው ማን ነው? ነጂውስ?