ቀባሪ ያጣው መምህር

የእህቴ ልጅ ጎባ ሕክምና ይማራል። አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ሄጄ ሮቤ ከተማ አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ባሌ የስንዴ አገር ነውና ዳቦው ተቆርጦ በሳህን ሙሉ ቀረበ። ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ የተቀላቀለበት ክብ ነገር ነው።

«ምንድን ነች?»

«የሰው ሆድ ነዋ! ልክ እንደዚህ ዳቦ በአግድም የተቆረጠ። በሲቲ ስካን የተነሳ ነው። ነጩ አጥንት፣ ጥቁሩ አየር፣ ግራጫው ሥጋ።»

ጉበቱን አሳየኝ፤ በግራ በኩል ነው። «ጉበት በቀኝ አይደለም እንዴ?» ብዬ ተሟገትኩ። ሳቀብኝ። «ሰውየው በጀርባው ተኝቷል፤ እኛ በእግሩ በኩል ቆመን ነው የምናየው። የሱ ቀኝ ለኛ ግራ ነው።»

መቼም እኛ የሆድ ዕቃን የምናውቀው ከቅርጫ ነው። ሽንጡን ከዳቢት፣ ጎድኑን ከፍሪምባ የማይለይ አባወራ የለም። የሰውን አጥንት ደግሞ ወጌሻ ያውቃል። ልጅ ሳለሁ ከዛፍ ወድቄ ክንዴ ሲወልቅ ያሹኝ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የዳበሱኝ። የሚያዩት በጣታቸው ነው። ቆዳ ሳይቀደድ ውስጥን ማየት የቆየ ምኞት ነው ለማለት ነው።

ምኞቱ የሰመረው በኛው 1888 ዓ.ም ነው። በጥቅምት መጨረሻ ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን፣ ቩርዝቡርግ በምትባል ከተማ፣ ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኘ። ከወር ከመንፈቅ በኋላ የሚስቱን እጅ ከነቀለበቷ አነሳው። ከግኝቱ አራት ወር ሳይሞላ ዓድዋ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኔፕልስ ባለ የጦር ሆስፒታል፣ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ከኢትዮጵያ ጦርነት ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንስቶ ጥይቱ የት እንደተቀበረ ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል። የመጀመሪያው የጦር ቁስለኛ ራጅ ከኛ አገር የሄደ ጥይት ፈለገ ማለት ነው! አካልን እንደ ዳቦ ቆራርጦ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ግን 76 ዓመት ቆይቶ መጣ። በ1964 ዓ.ም መስከረም፣ ለንደን ውስጥ የአንዲት ሴት ጭንቅላት ተነሳበት።

ይህ ሁሉ እስኪመጣ ሐኪም አካልን የተማረው ከሬሳ ነው። ዛሬም ይማርበታል። የማን ሬሳ? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1832 ባወጡት ሕግ ጠያቂ ያጣ ድሃ ሲሞት አስከሬኑ ለሐኪሞች እንዲሰጥ ፈቅደው ነበር። አሁን እነሱ ዘንድ ሰው በቁሙ ፈርሞ ገላውን ለትምህርት ይሰጣል። እኛ በ1947 ዓ.ም ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ከፈትን፤ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተከተለ። ገላን የመስጠት ልማድ ግን አልመጣልንም። በባሌም ሙስሊሙ ሆነ ክርስቲያኑ ሬሳውን ለአፈር ለማድረስ ይቸኩላል። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን ጠረጴዛ የሚቀርበው ዕድር ያልነበረው፣ ስሙን ጠርቶ የሚያለቅስለት ያጣ ሰው ነው። ቀብር ከሁሉ በላይ በሚከበርበት አገር፣ ቀብር ያጣው ሰው የሐኪሞቻችን ሁሉ የመጀመሪያ መምህር ሆነ።

የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ በ1999 ዓ.ም ሲከፈትና የጎባ ሆስፒታልም ማስተማሪያው ሲሆን፣ ይኸው ጥያቄ አብሮ ደጋ ወጣ። ታዲያ ምስሉ ይበቃል? ልጁን ጠየቅሁት።

«አይበቃም ጋሼ። እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ እዚህ ላይ አይታይም። እጅም በማየት ብቻ አይሠለጥንም። ግን ሬሳ አይተነፍስም። በአልትራሳውንድ ልብ ሲመታ ይታያል። ነገ ጊኒር ብመደብ በሽተኛውን የማየው በምስል ነው፤ ቀድጄ አይደለም።»

እውነቱን ነው። ምስሉ የሬሳውን ጉድለት ይሞላል፤ ዕዳውን ግን አይከፍልም። እኔ ብጠየቅ፣ ትምህርቱ ሲያበቃ ያ ሰው በወግ ይቀበር፤ ተማሪዎቹም ዕድርተኞቹ ይሁኑ። ድንኳን ይተክሉ፣ ንፍሮ ይቀቅሉ፣ ቄሱም ሼኹም ይጠሩ። አንድ ቀን ቢያለቅሱለት ምን ይጎድልባቸዋል?

ልንነሳ ስንል ወደ ላፕቶፑ ጠቆምኩና «ይሄስ የማን ሆድ ነው?» አልኩት።

«አይታወቅም። ለትምህርት ሲሰጠን ስሙ ይጠፋል።»

«ሞቷል?»

«ይኖርም ይሆናል።»

ነፍስ ይማር ልል የከፈትኩትን አፌን መለስኩና፣ «እንግዲያውስ እግዜር ይማረው» አልኩ።