ያለ አፈር መኖ የሚበቅልበትን ክፍል አየር በራስ-ሰር መቆጣጠር

ያለ አፈር፣ በውኃ ብቻ የሚበቅል የገብስ መኖ (ሃይድሮፖኒክስ) በዝግ ክፍል ውስጥ በ7 ወይም 8 ቀናት ለከብት ይደርሳል። ዋነኛ ጠላቱ ሻጋታ ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅና አየሩ ሲታፈን ይፈጠራል፣ ለከብቱም ጤና ጠንቅ ይሆናል።

ስለሆነም ሙቀቱን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩን እርጥበት ከ70 በመቶ በታች መጠበቅ ይመረጣል። ይህን ሥራ በሰው ፈንታ ሦስት መሣሪያዎች ያከናውናሉ፦ ቴርሞስታት ማራገቢያውን፣ የእርጥበት መለኪያ አየር ማስወጫውን፣ ታይመር የውኃ ፓምፑን ያዝዛሉ።

ማራገቢያው በ22 ዲግሪ ተነሥቶ በ20 እንዲቆም መሞላት አለበት። መነሻውና መቆሚያው ከተቀራረቡ ሞተሩ በየደቂቃው እየተነሣና እየቆመ ዕድሜው ያጥራል። የሙቀት መለኪያውም ከመስኮትና ከማራገቢያው ርቆ፣ በትሪዎቹ ከፍታ ይሰቀላል። ሆኖም ማራገቢያ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው የውጭው አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል። በዚህ ጊዜ መስኮት ከፍቶ በእጅ መርጫ ማጠጣት ያስፈልጋል። መብራቱ ሲመለስም ባትሪ የሌለው ታይመር በጠፋበት ጊዜ ልክ ወደ ኋላ ስለሚቀር ሰዓቱ ሊስተካከል ይገባል።