ኮርኒስና ጠፈር

ከተቀመጡበት ቀና ብለው በቢሮዎ ጣራ ሥር ያለውን ገበር ቢመለከቱ፥ ስሙን ኮርኒስ ይሉታል። ቃሉ የኢጣልያ ነው፤ በአገሩ ግን የሚጠራበት ገበሩ ሳይሆን፥ ግድግዳው ከላይ በሚያበቃበት ዙሪያውን የሚሄደው ጌጠኛ ጠርዝ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ገበር ጠፈር የሚል ስም ነበራቸው። በግእዝ ጠፈር ሰማይም ጣራም ነው፤ የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ ከመቶ በሚበልጡ የመላእክት ፊት የሞሉት ሠዓልያን ሁለቱን ፍች አንድ አድርገውታል። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዘው በቆዩበት ዘመን ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ሠሩ፤ የእነርሱ ኮርኒስ በእኛ አፍ ጠርዙን ለቆ ገበሩን ወረሰ። ጠፈርም ለጠፈርተኞች ቀረ!

ስም ያጣው ጠርዙ ነው፤ ይልቁንም ወደ ውስጥ የሰረጎደው። ኢጣልያኖች ካቬቶ፥ ማለት ትንሽ ጎድጓዳ፥ ይሉታል። ቪትሩቪዩስ የተባለው የሮማ መሐንዲስ በዓምድ እግር ያለውን ሰርጓዳ በግሪክ ቃል ስኮቲያ ብሎታል፤ ቃሉ ከጨለማ የወጣ ነው፥ ጎድጓዳው ጥላ ይቋጥራልና። አናጢ ይህን ሲልግ ምላጩ እንደ ሆድ ያበጠ መላጊያ ያሻዋል።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። ለአሮጌ ቤት እድሳት «ኮርኒሱ ይለወጥ» ብለው ቢጽፉ፥ አናጢው ገበሩን ሲነቅል ደኅናውን ጠርዝ አብሮ ያወርደዋል፤ ትእዛዙን ፈጽሟልና አይወቀስም። «ሰርጓዳው ጠርዝ አይነካ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩበት ግን አሮጌው እንጨት በስፍራው ይቆያል።