አሮጌው ልብስ ዋጋ የወጣለት ዕለት

ታኅሣሥ 14 ቀን የሜቶዲስት ሰባኪው የኤድጋር ጄምስ ሄልምስ ሙት ዓመት ነው። በ1942 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ79 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ቦስተን ውስጥ የጀመሩት ጉድዊል የተባለ የልባሽ ዕቃ መደብር በብዙ ከተሞች ተዛምቶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ከ3 ሺህ በላይ መደብሮች አሉት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው የማይፈልገውን ልብስና ዕቃ ይለግሳል፣ መደብሩ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ገቢው የሠራተኛውን ደመወዝና የቤቱን ወጪ ሸፍኖ ሥራ ላጡ ሰዎች ሥልጠና ይውላል።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው በልደት ቀኑ ላይ ነው። ቦስተን ያለው አንጋፋው ድርጅት ሞርጋን ሜሞሪያል ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1895 ነው። የቅርንጫፎቹ ሁሉ ማዕከል የሆነው ዓለም አቀፉ ጉድዊል ግን 1902 ይላል።

በ1895 የሆነው ይታወቃል። ሄልምስ በሳውዝ ኤንድ ሰፈር ወደሚገኘው የሞርጋን ጸሎት ቤት ተመደቡ። ቤቱ ራሱ እንግዳ ታሪክ አለው። መሥራቹ ሄንሪ ሞርጋን በ1884 ሲሞቱ ንብረቱን ለዩኒታሪያኖች አውርሰው፣ ሰባኪው ግን ሜቶዲስት እንዲሆን ተናዘዙ። በእምነት የማይስማሙ ሁለት ወገኖች አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ ማለት ነው። ሰፈሩ በስደተኞች የተጨናነቀ ነበር፤ የ1893ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ያስከተለው ሥራ አጥነትም ገና አልለቀቀውም።

ሄልምስ ጆንያ ይዘው ወደ ባለጸጎቹ ሰፈር ወጡ። ያገኙትን አሮጌ ልብስ፣ ጫማና የቤት ዕቃ ለችግረኛው ማደል ያዙ። እንደሚተረከው ግን የሰፈሩ ሰው ምጽዋት መቀበሉን አልወደደውም፤ ትንሽም ቢሆን ከፍሎ መውሰድን መረጠ። ስለዚህ ዕቃው ዋጋ ወጣለት። ለመሸጥ ደግሞ መጠገን ነበረበት። የተተረተረ ቀሚስ የምትሰፋ፣ ያለቀ የጫማ ሶል የሚለውጥ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር የሚያጠብቅ ሰው አስፈለገ። ያ ሰው ሩቅ አልነበረም፤ ትናንት ልብስ ሊለመንለት የነበረው ሥራ ፈት ነው። ተቀጠረ፣ እየሠራም ሙያ ለመደ። ዕቃው ተሸጦ ይከፈለው ነበር፤ አንዳንዴም የጠገነውን ራሱ ይወስድ ነበር።

የ1895 ወገኖች ቸርነቱ ከመጀመሪያው ቀን ነበር ቢሉ አልተሳሳቱም። ይሁንና ለድሃ ልብስ ማልበስ በቦስተን አዲስ ነገር አልነበረም። ከተማ የጣለውን ትራፊ ሰብስቦ ሥራ መፍጠርንም ሳልቬሽን አርሚ የተባለው ክርስቲያናዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሪ ዊሊያም ቡዝ በ1890 ባሳተሙት መጽሐፍ አንስተውታል። ጉድዊልን ጉድዊል ያሰኘው የሰፊዋ ደመወዝ ከሰፋችው ቀሚስ መውጣቱ፣ ገዢዋም ቀና ብላ ከፍላ መሄዷ ነው። ኋላ መፈክር የሆነው «ምጽዋት ሳይሆን ዕድል» የሚለው ቃልም ከማደሉ ይልቅ ለሽያጩ ይስማማል። በዚህ ሚዛን ዓለም አቀፉ ድርጅት መነሻ የሚያደርገው 1902 ያመዝናል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የመስፋፋት ታሪክ ነው። «ጉድዊል» የሚለው ስም ራሱ ከቦስተን አልወጣም፤ በ1915 ብሩክሊን ላይ ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ሰዎች ያወጡት ነው። እናት ድርጅቱም ስሙን ከልጁ ወሰደ። በኋላ ዓመታት አካል ጉዳተኞችን መቅጠርና ማሠልጠን ዋና ሥራው ሆነ።

ነቀፋም አልቀረለትም። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ ልዩ ፈቃድ ላለው ቀጣሪ ለአካል ጉዳተኛ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንዲከፍል ፈቅዶ ነበር። አንዳንድ የጉድዊል ቅርንጫፎች በዚህ ተጠቀሙ። በ2012 የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን «ከእነሱ አትግዙ» ብሎ ጥሪ እስከማቅረብ ደረሰ። ክብርን በደመወዝ እመልሳለሁ ያለ ቤት በደመወዝ መከሰሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ በመደብሮቹ ልብሱ ላይ ባለቀለም ምልክት ይንጠለጠላል፤ ተራው የደረሰው ቀለም ዋጋው ይቀነሳል። ያም ሆኖ ያልተሸጠው በትልልቅ ገንዳ ተዘርግቶ በሚዛን ይሸጣል። ከዚያም የተረፈው ተጨፍልቆ ይታሰርና በነጋዴ እጅ ባሕር ይሻገራል፤ በየአገሩ የሰልባጅ ገበያ የሚዘረገፈው ቦንዳ እንዲህ ባለ መንገድ ያለፈ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ደግሞ ጉድዊል በ2016 ትምህርታቸውን ላቋረጡ አዋቂዎች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚሰጥ ነፃ ትምህርት ቤት ከፍቷል።

ገና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በየሰፈሩ ልብስ የሚያሰባስቡ ማኅበራት ሥራ ላይ ናቸው። ከሚሰበሰበው ግማሹን ጠግኖ በርካሽ የሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ አንድ ሲንገርና በወር የሚከፈላት አንዲት ልብስ ሰፊ ቢጨምሩበት፣ ሥራው ከበዓሉ ማግስትም ይቀጥላል።