የደሴ መንገድ ያየውና ጋዜጣ ያልጻፈው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢት በኩል የይፋትን ቆላ ያቋርጣል። በ1965 ዓ.ም. ረኃብ ያፈናቀላቸው የወሎ ገበሬዎች ወደ ዋና ከተማይቱ ያመሩት በዚሁ መስመር ነበር፤ ፖሊስ መለሳቸው። በወሎ መንገድ ዳር ተሰልፈው መኪና እያስቆሙ ምግብ ሲለምኑ መንገደኛው አይቷል፤ የመንግሥት ጋዜጦች ግን ዝም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡት ፎቶግራፍ በግቢው ሲታይ ተማሪው በቁጣ ተነሣ።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ተመልካቹም ደነገጠ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ምስል ጋር አሰባጥሮ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረኃቡም ግብሩም እውነት ነበሩ፤ የተመልካቹን ፍርድ አስቀድሞ የወሰነው ግን የምስሎቹ አቀማመጥ ነው።

ይህን ኃይል ያወቀው መንግሥት ራሱ ወደ ዝምታው ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር የሰሜኑ ረኃብ ከሕዝብ ተሰወረ፤ የኮረምን እልቂት ጥቅምት 13 ቀን ለዓለም ያሳየው ቢቢሲ ሆነ።

እንግዲህ አድልዎ በሐሰት ብቻ አይገለጥም፤ በዝምታም፣ እውነትን ለራስ ዓላማ በማሰናዳትም ይገለጣል። በሁለቱም ዘመን ዋጋውን የከፈለው ጋዜጣ የማያነበው ገበሬ ነው። የጋዜጠኛ ቀዳሚ ግዴታም በመንገድ ዳር የቆመውን ሰው ጊዜው ሳያልፍ መስማት ነው።