ብሮሞዶሜይን

ብሮሞዶሜይን በሂስቶንና በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ የሚገኝን፣ አሲታይል የተባለ ኬሚካዊ ቡድን የተያያዘበትን ላይሲን ለይቶ የሚይዝ፣ 110 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት የፕሮቲን ክፍል ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የተለየ ሲሆን ስያሜው ብራህማ ከተባለው የድሮሶፊላ ዝንብ ጂን የመጣ ነው። በ1999 የታወቀው ቅርጹ አራት የአልፋ ጥምዝ ሰንሰለቶችን ያቀፈ ነው፤ ላይሲኑ የሚገባው በአንድ ጫፋቸው ባለው ጠባብ ኪስ ነው። በሰው ዘንድ 46 ፕሮቲኖች 61 ብሮሞዶሜይኖችን ይዘዋል።

ዋና ተግባሩ የጂን ቁጥጥር ነው። ሁለት ብሮሞዶሜይን ያለው ቢአርዲ4 አሲታይል በበዛበት ክሮማቲን (የዲኤንኤና የሂስቶን ጥምር) ላይ አርፎ ፒ-ቴፍቢ የተባለውን ኢንዛይም ይስባል፤ ይህም የአርኤንኤ ቅጂ ሥራ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ቫይረሶችም ይጠቀሙበታል። የፓፒሎማ ቫይረስ ክብ ዲኤንኤ አብዛኛውን ጊዜ ከክሮሞሶም ጋር ስለማይዋሃድ ሕዋስ ሲከፈል ከኒውክለስ ውጭ ሊቀር ይችላል። በከብት ፓፒሎማ ቫይረስ 1 ግን ኢ2 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን የቢአርዲ4ን ጅራት ይይዛል፤ ብሮሞዶሜይኖቹ ደግሞ ክሮሞሶሙን ይጨብጣሉ። በዚህም ቫይረሱ ወደ ልጅ ሕዋሳት ይሻገራል። ይህ በ2004 የታየ መንገድ በሁሉም የፓፒሎማ ዓይነቶች ዘንድ እኩል አይሠራም።

የኤችአይቪ ጉዳይ ውስብስብ ነው። ቢአርዲ4 ከቫይረሱ ታት ፕሮቲን ጋር በፒ-ቴፍቢ ይሻማል፤ በ2010 የተገለጸው ጄኪው1 የተባለ ውህድ የብሮሞዶሜይኖቹን ኪስ ሲደፍን በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ውስጥ ያደፈጠው ቫይረስ ይነቃል። በአንጻሩ በ50ኛው ላይሲኑ ላይ አሲታይል የተያያዘበት ታት ፒካፍ ከተባለው ፕሮቲን ብሮሞዶሜይን ጋር ተጣምሮ የቫይረሱን ጂኖች ያስነብባል።