ስንተኛ ወጣ?

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድራ እንደምታውቅ የነገረኝ ፊንላንዳዊ ነው። ጭድ ተራ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኃይሌንና ቀነኒሳን እንደ አጎቶቼ የምቆጥር፣ የ10 ሺህ ሜትር ሰዓቶችን በቃሌ የምወጣ ልጅ ይህን አላውቅም ነበር።

የምሠራበት ድርጅት ሶፍትዌር የሚያለማለት ደንበኛ ሰሜን ፊንላንድ፣ ኦውሉ በምትባል ከተማ ነው ያለው። ከጥር እስከ መጋቢት እዚያው ሆኜ እንድሠራ ተላክሁ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምሳ ላይ፣ አንድ በዕድሜ ጠና ያለ ባልደረባዬ «የእናንተ ሰው እኮ ቱሪን ላይ ነበር፣ በስኪ» አለኝ። ሳቅሁ። ከኬንያ ጋር አምታትቶት ነው ብዬ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ስሙን አሳየኝ። ሮቤል ተክለማርያም።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ጭድ ተራ ውስጥ ማዳበሪያና ገመድ ሲሸጥ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወሬውን እንደ ትልቅ ግኝት ነገርኩት። ጸጥ ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስንተኛ ወጣ?»

«ከ80ኛ ወዲያ።»

«እና ምን አስሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ስለ ሮቤል ብቻም አልመሰለኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለመርካቶ ነጋዴዎች የዕቃ ማጓጓዣ አፕ ሠርተን፣ 14 ወር ለፍተንበት፣ ዘግተነው ነበር። ያኔም አባቴ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ቀጥሎም ይችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ስለዚህ ስለ ሮቤል ማንበብ የጀመርኩት ለአባቴ መልስ ፍለጋ ነው። ሰው ሌሊት ተነስቶ የራሱን ኮድ እንደሚፈትሽ ዓይነት ነገር።

መጀመሪያ ከቃሉ ልነሳ። እኛ «የበረዶ ሸርተቴ» እንለዋለን፤ ሸርተቴ ደግሞ ለእኛ ትውልድ የመዋዕለ ሕፃናት ዕቃ ነው። «ስኪ» ከጥንታዊው የኖርዌይ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ የተሰነጠቀ እንጨት ነው። ፍልጥ ማለት ነው በቃ። ሰሜኖቹ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሁለት ፍልጥ እግራቸው ላይ አስረው በረዶ ላይ ሄደዋል፤ ለአደን፣ ለእንጨት፣ ለጦርነት፣ ጎረቤት ለመጠየቅ። ቁልቁል መንደርደሩ ስፖርት የሆነው በጣም ዘግይቶ ነው። ዋናው ነገር ከዚህ መንደር እዚያ መንደር መድረስ ነበር። «አገር አቋራጭ» የሚባለው ዓይነት ይህንን መነሻውን ሳይለቅ የቆየው ነው፦ ዳገትም፣ ሜዳም፣ ቁልቁለትም በራስ ጉልበት። ጃንሜዳ ላይ አገር አቋራጭ ሩጫ ያየ ሰው ነገሩ በደንብ ይገባዋል።

እኛስ? ቋንቋችን በረዶን ለይቶ አይጠራም። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም፣ አልፕስ ላይ የተነጠፈውም «በረዶ» ነው። ግዕዝ ግን ከበረድ ለይቶ «ሐመዳ» የሚል ቃል ነበረው፤ የአማርኛው «አመዳይ» የእሱ ዘር ነው። ቃሉ የነበረው ነገሩን ያየ ሰው ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ከኮስማስ ዘመን በፊት የነበረ፣ ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻ ነው። ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ የሰሜን ተራሮችን ሕዝብ እንደወጋ ሲናገር፣ ተራሮቹ ዓመቱን ሙሉ ብርድና ውርጭ እንደማይለያቸው፣ በረዶውም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት እንደሆነ ይተርካል። ንጉሥ ስለ ዘመቻው ሲያወራ ትንሽ እንደሚያጋንን እናውቃለን። ቢሆንም አስቡት፦ የአክሱም ወታደር፣ ጉልበቱ ድረስ በረዶ ውስጥ፣ ፍልጥ የለው ምን የለው።

ዛሬም 4,500 ሜትር በሚያልፈው ራስ ዳሸን አካባቢ አንዳንዴ በረዶ ይጥላል፣ ግን አይቆይም። የእኛ ችግር ከፍታ አይደለም። እንዲያውም ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የአገር አቋራጭ ውድድር ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ እንዳይሆን ይገድባል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። አዲስ አበባ ከዚያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ማለትም ነገ መርካቶ ላይ አንድ ሜትር በረዶ ቢወርድ እንኳ ውድድሩ በሕግ አይካሄድም። (ይህን ለአባቴ ስነግረው በጣም ደስ አለው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።)

ከምሥራቅ አፍሪካ በመጀመሪያ የተሞከረው ግን በኬንያዊ ነው። ፊሊፕ ቦይት የ800 ሜትር ሯጭ ነበር። ናይኪ ገንዘቡን ችሎ፣ ፊንላንድ ወስዶ አሠለጠነው፤ ጎበዝ ሯጭ በረዶ ላይ ቢያወጡት ምን ይሆናል የሚል ሙከራ ነበር፣ ማስታወቂያም። የካቲት 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና መጨረሻ ወጣ። አሸናፊው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ከገባ 20 ደቂቃ ገደማ አልፏል። ዴሊ ግን ወደ ሽልማቱ አልሄደም፤ መግቢያው ላይ ቆሞ ጠበቀውና አቀፈው። ስምንት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዞ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቦይት በኋላ ልጁን ዴሊ ብሎ ሰየመው።

የሮቤል ታሪክ ሌላ ነው። እሱን ድርጅት አልመረጠውም። የተወለደው አዲስ አበባ ነው፣ በ1967 ዓ.ም. መስከረም፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ወር። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ያስተናገደችው ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ትምህርት ቤት ገባ፣ ስኪንም እዚያ ተማረ። ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሯል፣ በኋላም የስኪ አሠልጣኝ ሆኖ ሠርቷል። እዚያው ቢቀር ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን ለኢትዮጵያ መወዳደር ፈለገ። እና ኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን አልነበራትም።

እዚህ ጋ ነው እኔ ሮቤልን የወደድኩት። ለኦሊምፒክ ሰው ዝም ብሎ አይመዘገብም፤ አገሩ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የታወቀ ማኅበር ሊኖራት ይገባል፣ ተወዳዳሪውም በታወቁ ውድድሮች ላይ ነጥብ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ሮቤል በረዶ ለሌላት አገር የስኪ ፌዴሬሽን መሠረተ። ማኅተም፣ ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ «ነገ ተመለስ»። መሥሪያ ቤት የተመላለሰ ኢትዮጵያዊ ሁሉ 15 ኪሎ ሜትሩ ቀላሉ ክፍል እንደነበረ ይገባዋል። ልምምዱንም እዚሁ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሠርቷል፣ ጎማ በተገጠመለት ስኪ።

የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. ጣልያን፣ ፕራጄላቶ ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ተነሳ። 31 ዓመቱ ነበር። ያሸነፈው የኢስቶኒያው አንድሩስ ቬርፓሉ ነው፣ በ38 ደቂቃ ገደማ። ሮቤል ከ80ኛው ወዲያ ገባ፤ ለሦስተኛ ኦሊምፒኩ የመጣው ፊሊፕ ቦይት ከእሱ ኋላ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር፣ የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ እንደገና መጣ፤ ከመጨረሻዎቹ ጥቂቶች አንዱ ሆኖ ጨረሰ። በሁለቱም ጊዜ የኢትዮጵያ ቡድን ማለት እሱ ብቻ ነበር፣ ባንዲራውንም የያዘው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት የክረምት ኦሊምፒኮች ባንዲራችን አልታየም።

ጣልያን ላይ መሆኑ ለእኔ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ያደግኩበትን ሰፈር ገበያ ያደረጉት ጣልያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንስተው፣ ነጩን ከጥቁሩ ለይተው፣ እኛን ወደዚህ ሲገፉን የሰጡት ስም ነው መርካቶ የሆነው። ተራዎቹን ግን ሕዝቡ በየሸቀጡ ሰየማቸው፦ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ጭድ ተራ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንደኛ ስለወጣ። ከ45 ዓመት በኋላ ሌላ ኢትዮጵያዊ እዚያው አገር፣ ይህን ጊዜ እግሩ ላይ ፍልጥ አስሮ ተነሳ። ይህን የምናውቅ ስንት ነን?

ያኔ ኦውሉ ላይ፣ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ፣ መሞከር ነበረብኝ። ከተማዋ ሥራ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ስኪ የሚነዳበት፣ መብራት የተዘረጋለት መንገድ አላት። «ላቱ» ይሉታል፦ ማሽን በረዶው ላይ እንደ ባቡር ሐዲድ ሁለት ቦይ ያወጣል፣ ስኪህ እዚያ ውስጥ ይገባል። ባልደረባዬ አሮጌ ስኪ አዋሰኝ። የገረመኝ ቅለቱ ነው። ጫማው የሚያያዘው አውራ ጣት ጋ ብቻ ነው፤ ተረከዝህ ነፃ ነው። ለዚህም ነው የሚያስኬደው፣ ለዚህም ነው የሚጥለው።

ስኪው መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። ክብደትህን ለሁለቱም እኩል ስታካፍል ጉብታው በረዶውን በደንብ አይጫነውም፣ ትንሸራተታለህ። ሙሉ ክብደትህን አንዱ ላይ ስትጥል ግን ጉብታው ይረገጥና በረዶውን ይነክሳል፣ ያኔ ትገፋበታለህ። እንዲነክስ መሐሉን ሰም ይቀቡታል፣ ለየብርዱ መጠን የተለያየ ሰም። (ወርቁን ኖርዌዮቹ ስለጨረሱት ለእኛ የደረሰን ሰሙ ነው።) ስለዚህ ጠቅላላ ነገሩ በአንድ እግር መቆም ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ፈርቶ በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ሲፈራ ስኪው አይነክስለትም፣ ሳይነክስለት ሲገፋ ይወድቃል፣ ሲወድቅ የበለጠ ይፈራል። መጀመሪያ ምርኩዞቹን ጥሎ ባዶ እጅ መለማመድ፣ ቁርጭምጭሚትን አጠፍ ማድረግ፣ አፍንጫን ከሚንሸራተተው እግር በላይ ማምጣት፣ ሲወድቁም ወደ ጎን መውደቅ። ይህን ያስተማረኝ ባልደረባዬ ነው። አምስት ዓመት የማይሞላቸው ልጆች በጎኔ ሲያልፉ አንዷ ዞር ብላ አየችኝ። የማዘን አስተያየት ነበር። በመጀመሪያው ቀን 11 ጊዜ ወደቅሁ። ደግሞ ቆጠርኩ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ማታ ለ40 ወይም 50 እርምጃ ያህል ነገሩ ሠራ። ገፋሁ፣ ተንሸራተትኩ፣ ቆየሁ፣ ገፋሁ። ምንም ድምፅ የለም፣ ከስኪው ሹክሹክታ በቀር። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ወደቅሁ።

ስመለስ ያገለገለ ባለጎማ ስኪ ገዝቼ መጣሁ። ፊትና ኋላው ላይ አንዳንድ ጎማ ያለው፣ ክንድ የሚያህል ብረት ነው። ፍሬን የለውም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የሚባለውን ጀምራ ነበር፣ እኔ ግን ሰው የሌለበትን መረጥኩ፦ እሑድ፣ ገና ሳይነጋ። መርካቶን በዚያ ሰዓት ያላየ መርካቶን አያውቅም። የተዘጉ ቆርቆሮ በሮች፣ የካርቶን ብጥስጣሽ፣ አንድ ሁለት አይሱዙ፣ ጋሪያቸው ላይ የተኙ ልጆች። እና ውሾች። ውሾቹ እግሩ ሳይነሳ የሚሄድ ሰው አይተው አያውቁም። የመጀመሪያው እሑድ አራት ሆነው አባረሩኝ፤ በምርኩዙ ልከላከል ስል ሚዛኔን ስቼ ጉልበቴን ላጥኩት። አንድ ወዛደር ተነስቶ በድንጋይ በተነልኝና ከላይ እስከ ታች አይቶ «ወንድሜ፣ ሰው ነው ያስቀጣህ?» አለኝ።

ሱሪዬ ተቀድዶ ቤት ስገባ አባቴ ቡና እየጠጣ ነበር። ምንም አላለም። በሚቀጥለው እሑድ ስነሳ ግን ጋቢውን ለብሶ በር ላይ ቆሟል፣ በእጁ የሱቁ የእንጨት ዱላ አለ። ከኋላዬ እየተራመደ መጣ። ፈጥኜ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፣ በእግሩ ደረሰብኝ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሦስተኛው ላይ አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳጠብቅ አጠገቤ ቆመና ስኪውን በዱላው ነካ ነካ አደረገው። ጎማውን አሽከረከረው።

«ያ ሰውዬ በዚህ ነው የተለማመደው?»

«በዚህ ዓይነት።»

«እዚሁ አዲስ አበባ?»

«አዎ አባዬ።»

ወደ ታች፣ ውሾቹ ወደተኙበት፣ ትንሽ ቆይቶ አየ።

«ብቻውን?» አለኝ።